የነህምያ ቅጥርና የኮቶኑ ጉባኤ

ንባብ፦ ነህምያ 5፥1-19



በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ በገበያ መንገድ፣ ከቅዳሴ በኋላም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ ጆሮአችንን ብንሰጥ፣ ዘወትር የምንሰማው ስለ ኑሮ መወደድና ስለ አስተዳደር ነው። የጤፍ ዋጋ ይነሣል፤ የማዳበሪያ ዕዳ ይነሣል፤ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚጠየቀው ጉቦ፣ ተምሮ ሥራ ያጣው ልጅ ይነሣል። ጥቂት ቆይቶም እያንዳንዱ «እኔ ብሆን ኖሮ» እያለ ለአገሪቱ መድኃኒት ያዝዛል። ከምእመናን አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ «የዓለም ወሬ ነው፤ ክርስቲያን ይጸልይ እንጂ በዚህ ምን አገባው?» ይላሉ። አነጋገሩ ትሕትና ቢመስልም ትክክል አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ፣ ዜጎች በነፃ ድምፃቸው ለጋራ ጥቅም መሥራታቸው መብታቸውም ግዴታቸውም መሆኑን አስተምሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ጥያቄው እንናገር ወይስ እንተው የሚል አይደለም። ጥያቄው፣ የሕዝብ ምክር አገርን የሚፈውሰው መቼ ነው? የሚል ነው።

ነህምያን የምናውቀው የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን ባሠራ መሪነቱ ነው። ነገር ግን በሥራው መካከል፣ ድንጋዩ ገና እየተደረደረ ሳለ፣ ሕዝቡና ሚስቶቻቸው ጮኹ። ጩኸታቸው በሌላ ጠላት ላይ አልነበረም፤ በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነበር። አንዳንዶቹ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፤ እህል አጣን አሉ። ሌሎቹ በራብ ምክንያት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን በመያዣ አስይዘው ነበር። ሌሎቹም ለንጉሡ ግብር ለመክፈል ተበድረው፣ ዕዳው ሲከብድ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አቤቱታ በዝርዝር ጽፎ ያቆየልን ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እግዚአብሔር የእህልን፣ የግብርንና የወለድን ነገር የማይሰማ አምላክ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ምዕራፍ በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ባላገኘም ነበር።

ነህምያ ሰምቶ ተቆጣ፤ ሆኖም ወዲያው አልተናገረም፤ አስቀድሞ በልቡ መከረ። ከዚያ በኋላ መኳንንቱንና ሹማምንቱን ገሠጸ፤ ታላቅ ጉባኤም ሰበሰበባቸው። እዚህ ላይ ስናነብ በችኮላ የምናልፈው አንድ ቃል አለ። በቁጥር 10 ነህምያ፣ እርሱ ራሱ ከወንድሞቹና ከብላቴኖቹ ጋር ለድሆቹ ገንዘብና እህል ከሚያበድሩት አንዱ መሆኑን በጉባኤው ፊት ይናገራል። «እናንተ ተዉ» አላለም፤ እኛ እንተው አለ እንጂ። እርሻው፣ ወይኑ፣ የወይራው ተክልና ቤቱ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረገ፤ ካህናቱንም ጠርቶ መኳንንቱ በፊታቸው እንዲምሉ አደረገ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዥዎች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን፣ በዚያም ላይ 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር። እርሱ ግን በ12 ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልነካም።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ በምዕራብ አፍሪካ የምትገኘውን፣ ቀድሞ ዳሆሜ ትባል የነበረችውን ቤኒንን እናስታውስ። በ1972 ሻለቃ ማቲዩ ኬሬኩ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፤ በ1974ም አገሪቱ የማርክስና የሌኒን ርእዮተ ዓለም ተከታይ መሆኗን ዐወጀ። የዚያን ዘመን ቋንቋ የኛ ትውልድ በሚገባ ያውቀዋልና ማብራራት አያስፈልገኝም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የመንግሥቱ ሦስት ባንኮች ከሥረው ተዘጉ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ለብዙ ወራት ደመወዝ አጡ፤ በ1989 መምህራንና ተማሪዎች አደሙ፤ ትምህርት ተቋረጠ።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም የአገሪቱ ካቶሊካውያን ጳጳሳት የጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ተመለሱና ቤኒን ትድናለች የሚል ሐሳብ ያለው ርእስ ነበረው። ልብ በሉ፤ ጳጳሳቱ ስለ ኢኮኖሚ ሲጽፉ በንስሐ ቃል ጀመሩ። በታኅሣሥ 1989 መንግሥቱ ርእዮተ ዓለሙን መተዉን ገልጾ ብሔራዊ ጉባኤ ጠራ። ከየካቲት 19 እስከ 28 ቀን 1990 በኮቶኑ ከተማ 500 ያህል ልዑካን ተቀመጡ። ከመካከላቸው ባለ ሥልጣኖች፣ መኮንኖች፣ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች፣ ገበሬዎች፣ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከውጭ አገር የመጡ ዜጎች፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችም ሳይቀሩ ነበሩ። ሰብሳቢ አድርገው የመረጡት የኮቶኑን ረዳት ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ኢሲዶር ደ ሱዛን ነበር። ሕዝቡም ውይይቱን በሬዲዮ ይከታተል ነበር።

ጉባኤውን የጠሩት ሰዎች ምክር ብቻ ሰጥቶ የሚበተን መስሏቸው ነበር። ልዑካኑ ግን ውሳኔያችን በመንግሥቱ ላይ ጭምር የጸና ነው ብለው ዐወጁ። ያን ጊዜ ወታደሮቹ ጉባኤውን ይበትኑት ይሆን የሚል ታላቅ ሥጋት ሆነ። አቡነ ኢሲዶር በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሱ አስታረቁ። በመጨረሻው ቀን ኬሬኩ ውሳኔውን ተቀበለ፤ በዓለም ባንክ ሠርቶ የነበረው የኢኮኖሚ ባለሙያ ኒሴፎር ሶግሎ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በታኅሣሥ 1990 ሕዝቡ አዲሱን ሕገ መንግሥት በድምፁ አጸደቀ፤ በመጋቢት 1991ም ሶግሎ በምርጫ ኬሬኩን አሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆነ። የወረደው መሪ በበቀል አልተሳደደም፤ እንዳይከሰስ ዋስትና ተሰጠው እንጂ። ደም ሳይፈስ ይህ ሁሉ ሆነ።

የጉባኤ ስብሰባ በራሱ ተአምር የሚያደርግ እንዳይመስለን፣ ዛየርንም ማሰብ ይገባናል። በዚያም በ1991 ከ2,000 የሚበልጡ ልዑካን ያሉት ብሔራዊ ጉባኤ ተከፈተ፤ ሰብሳቢው ሊቀ ጳጳስ ሞንሴንግዎ ነበሩ። የቀረበው ሐሳብ ከቤኒኑ አላነሰም። የሞቡቱ መንግሥት ግን በጥር 1992 ጉባኤውን አገደ። በየካቲት 16 ቀን ይከፈትልን ብለው መዝሙር እየዘመሩ በኪንሻሳ መንገድ በወጡት ክርስቲያኖች ላይ ወታደሮች ተኮሱ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ጉባኤው ኋላ ተከፍቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢፈጸምም፣ ባለ ሥልጣኑ አንዳች ሊለቅ አልወደደም። ሐሳብ ሞልቶ ነበር፤ የታጣው እንደ ነህምያ ከራሱ የሚጀምር ነበር።

ስለ ቤኒንም ቢሆን እውነቱን እንናገር። እንጀራው ወዲያው አልበዛም። የመንግሥቱን ወጪ መቀነስ ግድ ሆነ፤ በጥር 1994 የሴፋ ፍራንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በግማሽ ሲወርድ የድሃው ገበያ ተናጋ። በ1996 ሕዝቡ ያንኑ ኬሬኩን በድምፁ መልሶ መረጠ፤ ሶግሎም ወረደ። ኬሬኩም በ2006 ሕጉ የወሰነለት ጊዜ ሲያበቃ ሥልጣኑን አስረከበ። ኋላ ደግሞ በ2019 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ ለመወዳደር የተፈቀደላቸው ፕሬዚዳንቱን የሚደግፉ ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ስለ ነበሩ፣ ብዙዎች የ1990ን ድካም እያሰቡ አዘኑ። ነህምያም ከንጉሡ ዘንድ ቆይቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ፣ የሌዋውያን ድርሻ ተከልክሎ፣ የቤተ መቅደሱም ክፍል ለጦብያ ተሰጥቶ አግኝቷል። ቅጥር ከተሠራ በኋላም በረኛ ይፈልጋል።

በአገራችን በ2021 መጨረሻ የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ዜጎች ተሰብስበው የአጀንዳ ሐሳባቸውን አቅርበዋል፤ የተሳተፉም፣ አንሳተፍም ያሉም አሉ። ከቁምስናችን የሄዱ ሁለት ሰዎች ሲመለሱ፣ ገበሬው ከመምህሩ፣ ሴቲቱ ከሹሙ እኩል ደቂቃ ተሰጥቷቸው መናገራቸው እንዳስደነቃቸው ነገሩኝ። ይህን ከእነርሱ ስሰማ ደስ አለኝ፤ በዚያው ልክ ግን ፈራሁ። ምክንያቱም እኛ ሰባኪዎች ለሕዝብ አቤቱታ የምንሰጠው አንድ የተለመደ መልስ አለን፤ «መጀመሪያ ራስህን አስተካክል» የሚል። ቃሉ እውነት ነው፤ የሚነገርበት አድራሻ ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ነህምያ ይህን ቃል ልጆቿን በባርነት ለሰጠችው እናት አልተናገረም። ለራሱና ለመኳንንቱ ተናገረው። የገንዘቡን ከረጢት የያዘው ሳይመረመር ባዶ እጁን የቆመውን ስለ ንስሐ መስበክ፣ ጩኸቱን በሃይማኖት ቃል ማፈን ነው። ካቴኪስቶች ሆይ፣ በየመንደሩ ስታስተምሩ ይህንን ቅደም ተከተል አትገልብጡት።

ይህን የምጽፈው በሌሎች ላይ ለመፍረድ አይደለም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ስለዚሁ ስለ ነህምያ ሰበክሁ። ባለ ሥልጣን ሒሳቡን ለሕዝብ ማሳየት አለበት ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ፤ ስብከቱም መልካም መስሎ ታይቶኝ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ባልቴት፣ ልጆቻችን ሁሉ እማማ የሚሏቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረቡና መስቀሉን ተሳልመው፣

«አባ፣ መልካም ተናገሩ፤ እግዜር ይስጥልን። ለጣራው ያዋጣነው ገንዘብ ግን የት እንደ ደረሰ መቼ ነው የሚነግሩን?» አሉኝ።

«እማማ፣ መዝገብ አለ እኮ» አልሁ።

«መዝገቡማ እርስዎ ዘንድ ነው» አሉ።

መልስ አጣሁ። የቁምስናው ሒሳብ ሦስት ዓመት ሙሉ በምእመናን ፊት አልተነበበም ነበር። የሰረቀ ሰው አልነበረም። ለጣራው ከተሰበሰበው ከፊሉ ለተሰበረው መኪና ጥገና ወጥቶ ነበር፤ መኪናው ሕሙማንን የሚያመላልስ ስለ ነበር ትክክል መስሎኛል። ሆኖም ማንንም አልጠየቅሁም፤ ለማንም አልነገርሁም። በየመሥሪያ ቤቱ «ለበጎ ነው ያዛወርነው» የሚለውን ሹም ስሰማ የምቆጣው እኔ፣ ያንኑ ነገር በመስቀል ሥር ሆኜ አድርጌዋለሁ።

ሁለት እሑድ ካለፈ በኋላ መዝገቡን ይዤ በሕዝቡ ፊት ቆምሁ። ማንበቡ ከባድ አልነበረም፤ የከበደው ከንባቡ በኋላ የነበረው ዝምታ ነው። ከዚያ አንድ ወጣት ተነሥቶ ስለ መኪናው ጠየቀ፤ ሌላው ስለ ደረሰኙ ጠየቀ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ቢነግሩን ኖሮ ለመኪናውም እናዋጣ ነበር» አሉ። ይህ የመጨረሻው ቃል ከስድብ ይልቅ ወጋኝ። ከእንግዲህ የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከሦስቱ አንዷ እማማ ናቸው። ማንበብ አልችልም ብለው እንቢ ቢሉም፣ መቁጠር ይችላሉና ሕዝቡ አልለቀቃቸውም።

እርሳቸውም አንድ ነገር ጠየቁ፤ ሒሳቡ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን እናቶች በቤታቸው በሚነጋገሩበት ቋንቋም ይነበብ ዘንድ። ቀጣዩ ንባብ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው እሑድ፣ ቅዳሴ እንደ ተፈጸመ፣ በሁለቱም ቋንቋ ይሆናል።