የአንደበት ኃይል

አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 25 እንደምናነበው፥ ናባል የዳዊትን መልእክተኞች በክፉ ቃል አዋረዳቸው፤ ዳዊትም 400 ያህል ሰዎች አስታጥቆ ቤቱን ሊያጠፋ ተነሣ። ሚስቱ አቢግያ ግን እንጀራና የወይን ጠጅ አስጭና ወጣች፤ በፊቱም ተደፍታ በትሕትና ተናገረች። ዳዊትም ቃሏን ሰምቶ ደም ከማፍሰስ ተመለሰ።

እንግዲህ እኛ በቤታችንና በማኅበራችን ከሁለቱ የማንን ቃል እንናገራለን? አንደበታችንን በራሳችን ጉልበት ልንገራው አንችልም። ነገር ግን በመስቀል ላይ ሳለ ለሰቀሉት ምሕረትን የለመነ ጌታ ለእኛም ለኃጢአተኞች የይቅርታን ቃል ተናግሮአል። ይህን ቃል በእምነት የሰማ ልብ ለባልንጀራው ይቅር ማለትን ይማራል። ስለዚህ የተጣላነው ወንድም ቢኖር፥ እርሱ እስኪመጣ ሳንጠብቅ ዛሬ ሳይመሽ ሄደን የሰላምን ቃል እንናገረው። አሜን።