እሳት ምስክር ሲሆን

በሂንዱ ሠርግ መካከል የሚነደውን እሳት የተመለከተ ሰው፣ «እነዚህ ሰዎች እሳት ያመልካሉ» ብሎ ፈጥኖ ይፈርድ ይሆናል። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት ትርጉሙን ልንጠይቅ ይገባናል።

እሳት በሳንስክሪት ቋንቋ «አግኒ» ይባላል። ለሂንዱዎች አግኒ አምላክ ነው፤ የጥንታዊው መጽሐፋቸው የሪግ ቬዳ የመጀመሪያው መዝሙር የቀረበው ለእርሱ ነው። ምእመናኑ የሚያቀርቡትን መሥዋዕት ወደ አማልክት እንደሚያደርስም ያምናሉ። በሠርግ ዕለት ደግሞ የኪዳኑ ምስክር ይሆናል። ሙሽሮቹ ንጥር ቅቤና የተቆላ ሩዝ ለነበልባሉ ያቀርባሉ፤ እሳቱንም ይዞራሉ፤ በፊቱም ሰባት እርምጃ አብረው ይራመዳሉ። በጥንቱ ሥርዓት የመጀመሪያው እርምጃ ስለ ሲሳይ ሲሆን፣ ሰባተኛው ስለ ወዳጅነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. የወጣው የሕንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ፣ ይህ ሥርዓት በሚፈጸምበት ሠርግ ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው እርምጃ ሲረገጥ መሆኑን ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ተገቢው ሥርዓት ሳይፈጸም የተሰጠ የምዝገባ ወረቀት ብቻውን የሂንዱ ጋብቻን እንደማያጸና ገልጿል።

ታዲያ ይህን ያህል የሰው ምስክር እያለ እሳት ለምን አስፈለገ? እድምተኛ በልቶ፣ ጠጥቶና መርቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በጓዳ የሚሆነውን አያይም። ቃሉን የሚሰጥ ሰው ግን ከሰው ዓይን የሚያልፍ ምስክር ይሻል።

ሆኖም እሳትም ይጠፋል። ምስክሩ ሲጠፋ የቃሉ ዕጣ ምን ይሆናል? ስለ ቤተሰብ ሥርዓት የሚናገሩት የሂንዱ ጥንታውያን መጻሕፍት ለዚህ መልስ አላቸው፤ ባልና ሚስት የሠርጋቸውን እሳት ወደ ቤታቸው ወስደው በየዕለቱ እንዲንከባከቡት ያዛሉ። ዛሬ ይህን የሚፈጽሙ ጥቂቶች ቢሆኑም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ምስክሩ በሕይወት የሚኖረው ቃል የገቡት ራሳቸው ማገዶ ሲጨምሩለት ነው።

እኛ የሂንዱዎችን እምነት አንጋራም፤ የኪዳናችን ምስክር የማይጠፋው እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ምስክሩ ዘላለማዊ መሆኑ ተጋቢዎችን ከዕለት ተግባራቸው አያሳርፋቸውም። ይቅርታ፣ ትዕግሥትና እውነተኛ ንግግር በየማለዳው የሚጨመሩ ማገዶዎች ናቸው። ስለዚህ ለጋብቻ የሚዘጋጁትን ስናስተምር፣ ስለ ሠርጉ ቀን ብቻ ሳይሆን ስለ ማግሥቱም እንጠይቃቸው፤ እድምተኛው ሁሉ ሲበተን እሳቱን የሚጠብቀው ማን ነው?