ከደንቡ ውጭ የቀረችው ጠበቃ

ሕግ የሰው ፊት አይቶ እንዳያዳላ ደንቡ አጠቃላይ መሆን አለበት እንላለን። ነገር ግን አጠቃላይነት ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ። አንደኛው ሁሉንም በአንድ መስፈርት መመዘን ነው፤ ሌላው ሰውየውን ሳይመዝኑ በጅምላ መፍረድ ነው። የአሜሪካዊቷ ማይራ ብራድዌል ክርክር የሁለቱን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ብራድዌል እ.ኤ.አ. በ1868 «ቺካጎ ሊጋል ኒውስ» የተሰኘ ሳምንታዊ የሕግ ጋዜጣ መሠረተች። ያገባች ሴት በገዛ ስሟ ውል መዋዋል የማትችልበት ዘመን ስለነበር፣ የኢሊኖይ ሕግ አውጪዎች ድርጅቱን እንድትመራ ለብቻዋ ፈቀዱላት። በጋዜጣዋ የታተሙ የግዛቲቱ ሕጎችም በችሎት በማስረጃነት እንዲቀርቡ ደነገጉ። ዳኛውም ጠበቃውም አዲስ የወጣ ሕግ ለማየት እሷ ያዘጋጀችውን ገጽ ይገልጥ ነበር ማለት ነው። በ1869 የጥብቅና ፈተናውን አልፋ ፈቃድ ስትጠይቅ ግን የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያገባች በመሆኗ ከደንበኛ ጋር የምትገባው ውል አይጸናም ብሎ መለሳት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው የእኛ ተረት እዚያ የሕግ መልክ ይዞ ጠብቋታል። ይህን ምክንያት ስትሞግት ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን ትቶ ሴትነቷን ያዘ፤ አገባችም አላገባችም አይፈቀድላትም አለ። ምክንያቱ ተቀይሮ ውሳኔው ባለበት ከጸና፣ ያ ምክንያት ከመነሻውም ውሳኔውን የወለደው አልነበረም።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1873 በስምንት ድምፅ ለአንድ ጥያቄዋን ውድቅ አደረገ። አብላጫው ያለው ጥብቅና የፌዴራል ዜግነት መብት አይደለም፣ ጉዳዩ የግዛቲቱ ነው የሚል ነበር። ዳኛ ጆሴፍ ብራድሌይ ግን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ርቆ ሄደ፤ የሴት ቦታ ተፈጥሮና ፈጣሪ የወሰኑላት ቤቷ ነው አለ። ያላገቡ፣ ይህ የማይመለከታቸው ሴቶች እንዳሉም አልካደም፤ እነሱ ግን ከደንቡ የወጡ ጥቂቶች ናቸው፣ ሕግ ደግሞ የሚቆመው በብዙኃኑ ሁኔታ ላይ ነው ሲል ደመደመ።

ይህ ክርክር እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ሕግ በእያንዳንዱ ሰው ልክ አይሰፋም። ለመንጃ ፈቃድ የዕድሜ ወሰን ስናስቀምጥ፣ ከወሰኑ በታች ያለ ብልህና ጥንቁቅ ወጣት ይቀርበታል፤ ደንቡን ግን በዚህ አናፈርሰውም። ይሁንና እንዲህ ያለ ግምት የሚያስፈልገው የእያንዳንዱን ሰው ብስለት መለካት ስለሚያስቸግር ነው፤ ወጣቱም ጥቂት ቢጠብቅ ወሰኑን ይሻገራል። ብራድዌል ግን ተለክታለች፤ ፈተናው ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፣ አልፋዋለች። መለኪያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ግምትን መልሶ ማምጣት ውጤቱን ላለማየት ዓይንን መጨፈን ነው። ሴትነት ደግሞ ጠብቀው የሚያልፉት ዕድሜ አይደለም።

ብራድሌይ ይህ ሳይገባው ቀርቶ ነው ማለትም ያስቸግራል። ልክ ከአንድ ቀን በፊት በኒው ኦርሊንስ ልኳንዳ ነጋዴዎች ጉዳይ የልዩነት ሐሳብ ካሰፈሩት ዳኞች አንዱ እሱ ነበር። የሉዊዚያና ግዛት የቄራውን ሥራ ለ25 ዓመት ለአንድ ኩባንያ ብቻ ሰጥታ ነበርና፣ ሕጋዊ ሥራን መርጦ መሥራት የዜጋ ነፃነት አካል ነው ብሎ ተሟገተላቸው። ሥጋ ሻጩ ሊሠራ የፈለገው ሥራ ሕጋዊ መሆኑ በቃው፤ ብራድዌል ግን በቅድሚያ ምን ዓይነት ፍጡር መሆኗ ተጠየቀ።

በዘመናቸው ሚዛን እንመዝናቸው የሚል ይኖራል። ዘመኑ ግን አንድ አፍ አልነበረውም። በአዮዋ የሕጉ ቃል ነጭ ወንዶችን ብቻ ቢጠቅስም፣ አራቤላ ማንስፊልድ በ1869 ጠበቃ ሆናለች። የኢሊኖይ ሕግ አውጪዎች ሰው በጾታው ከሥራ እንዳይከለከል የደነገጉት በ1872፣ ማለትም ከዋሽንግተኑ ፍርድ በፊት ነው። ዋና ዳኛው ሳልሞን ቼዝም ታሞ፣ ሊሞት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ብቻውን ተቃውሟል።

ብራድዌል ዳግመኛ አላመለከተችም። በ1890 የኢሊኖይ ፍርድ ቤት በራሱ ተነሳሽነት፣ በቀድሞው ማመልከቻዋ ላይ ፈቃዱን ሰጣት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከተለ። ፈቃዱ ከ1869 ጀምሮ እንደተሰጠ እንዲቆጠርም ተደረገ። ይህን እንደ ባዶ ሥርዓት ማየት ስሕተት ይመስለኛል፤ በዚያ ቀን ፍርድ ቤቱ ሴትዮዋ ላይ ያን ጊዜም የጎደለ ነገር እንዳልነበረ አምኗል። በመካከል ባለፉት 21 ዓመታት እሷን ጠበቃቸው ሊያደርጉ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ግን ክርክራቸውን ያለ እሷ ጨርሰዋል፤ የእነሱን መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፍት ትእዛዝ የለም።