ውኃው ከወዴት እንደመጣ ለዪ

ልጄ፣ ካርቱም ውስጥ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈርን ውኃ ሞላት፣ ከቤት መውጣት አቃተኝ ብለሽ የላክሽውን ድምፅ ሰማሁት። ሥራው ይቆይሽ። እዚያ ሰፈር ሁለት ዓይነት ጎርፍ አለ፤ ሁለቱን ያልለየ ሰው ወይ በከንቱ ይሸሻል፣ ወይ መሸሽ ሲገባው ይተኛል።

አንዱ የእኛው ዓባይ ነው። ጎጃም ላይ በሐምሌና በነሐሴ የጣለው ዝናብ የሮሴሪስን ግድብ አልፎ ካርቱም እስኪገባ ቀናት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይሰማል። የወንዙ ከፍታ ይለካል፣ ይነገራል። የቱቲ ደሴት ሰዎችማ ዳሩን ሌሊት በተራ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ወንዙ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወጥቶ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ እንኳ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበር።

እኔ የምፈራው ሁለተኛውን፣ ከሰማይ የሚወርደውን ነው። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በነሐሴ 1988 ካርቱም ላይ በአንድ ቀን የወረደው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር፤ ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። በ2013 የአካባቢሽን የሸርግ አንኒልን ቤቶች ያፈረሰውም ዝናብ ነው። መሬቱ ሜዳ፣ ቦዩ በቆሻሻ የተደፈነ፤ ውኃው መሄጃ አጥቶ ግቢ ውስጥ ይተኛል። አንቺን የያዘሽ ይህኛው ነው።

ቤትሽ ጃሉስ፣ ማለት የጭቃ ቤት፣ ከሆነ ዝናቡ አባራ ብለሽ አትዘናጊ። የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ርሶ ቆይቶ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላም ይናዳል። አልጋሽን፣ አንግሬብሽን፣ ከግድግዳው አርቂ፤ ሲያባራ ግቢው መሃል ተኚ። ቆጣሪውን እግርሽ ሳይረጥብ አጥፊ። ጊንጥም እንደ ሰው ደረቅ ቦታ ይፈልጋልና ጫማሽን ሳታራግፊ አታጥልቂ። ሽንት ቤቱ ሞልቶ ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሏል ብለሽ ቁጠሪና ሳታፈይ አትጠጪ፤ በ2025 ኮሌራ ካርቱምን እንዴት እንዳደረጋት ሰምተሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ተዘግቶብሽ ስትቀመጪ «ለምን መጣሁ? ምን አተረፍኩ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይምጣ፣ አስቢው። እኔም እዚያ ስኖር አስቤዋለሁ። ነገር ግን ደላላው ይህን ቀን ያውቀዋል። ፍራሽሽ ርሶ፣ የቤት ኪራይ ደርሶ፣ አሠሪሽ ስልክ አላነሳ ስትል፣ ያኔ ነው «ሊቢያ መኪና አለ፣ ገንዘቡን ስትደርሺ ትከፍያለሽ» የሚልሽ። በረሃውን አቋርጠው እገታ ቤት ገብተው፣ እናታቸው ጎንደር ላይ ማስለቀቂያ ስትለምንላቸው የኖሩ ልጆች አሉ። በብድር የሚሄድ ሰው ዋጋው የሚነገረው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ውኃው ሳይጎድል እሺም እምቢም አትበይ፤ «ልብሴን ላድርቅ» በይውና ስልኩን ዝጊ። ወደ አገር መመለሱንም ቢሆን ግቢው ደርቆ፣ ጠግበሽ በልተሽ ወስኚ። መመለስ ነውር አይደለም፤ ነውር ነው የሚሉሽ ራሳቸው ያልወጡ ናቸው።

እስከዚያው ከጎረቤት ጋር ሁኚ። በ2013ቱ ጎርፍ የካርቱም ወጣቶች ነፊር ብለው ተሰባስበው በየሰፈሩ እርዳታ ሲያደርሱ ነበር፤ ነፊር እኛ ደቦ የምንለው ነው። የጎረቤትሽ አጥር ሲጠገን ጭቃ አቡኪ፣ ቡና አፍይ። ዐረብኛሽ ገና ቢሆንም ግድ የለም፣ እጅሽን ያዩታል። ነገ ያንቺ ግድግዳ ሲያዘነብል የሚጮኹልሽ እነሱ ናቸው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አልደርስልሽም።