አደራና የይለፍ ቃል

ለመሆኑ ሰው የገቢውን ምስጢር ለሌላው ሲከፍት የሚሰጠው ምንድን ነው? እዚህ ኢምባካሲ ጥያቄው የሚነሣው በየዓመቱ፣ በፈረንጆች ጁን 30 ሲቃረብ ነው። በገቢ ግብር የተመዘገበ ሁሉ፣ ስደተኛም ቢሆን፣ በዓመቱ ምንም ባያገኝ እንኳ፣ ለኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን በአይታክስ ማስታወቅ አለበት፤ ቀኑ ካለፈበት ቢያንስ 2,000 ሽልንግ ይቀጣል። እንግሊዝኛው ያስቸገረው ወገናችን ታዲያ የይለፍ ቃሉን ለአንድ ለተማረ ልጅ ይነግራል። «የታመነ ነው» ይላል።

መታመኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ወኪል አይደለም፤ አንተን ራስህን ሆኖ ይገባል። ቢያጠፋ በስምህ ይጻፋል። ባያጠፋም፣ ጥርጣሬ በተነሣ ቀን ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት የለውም። የሀገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናን በአስተዳደር ሥራ ብቻ የወሰነው፣ ከዚያ ለሚያልፈው ልዩ ውክልና የጠየቀው ያለ ነገር አይደለም። ወሰኑ የሚጠብቀው ወካዩን ብቻ ሳይሆን ወኪሉንም ነው።

ወሰን ማበጀት ወዳጅን መጠርጠር ነው የሚሉ አሉ። አደራ በምስክር ፊት ሲቆጠር ያደግን ሰዎች ይህን ከየት እንዳመጣነው እንጃ! ፈቃድ ያለው የግብር ወኪል በአይታክስ በራሱ ስም ገብቶ፣ በባለጉዳዩ ፈቃድ ይሠራል። ለእሱ የሚከፍለው የሌለው ደግሞ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ የይለፍ ቃሉን በገዛ ጣቱ ይጻፍ።