የተኮሰ ሰው ለፖሊስ ምን ይበል?

በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ባሉ መንደሮች፣ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት ቤት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በጥናት ቡድናችን አንድ ወንድም ያነሣው ጥያቄ የምናብ ጥያቄ አልነበረም። «ሌሊት ከብት ሊነዳ የመጣ ሰው ቢተኩስብኝና እኔም ተኩሼ ብገድለው፣ ፖሊስ ሲመጣ ምን ልበል? ዝም ብል መዋሸት አይሆንብኝም?» አለ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሰው የገደሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አላደረጉም። ሙሴ ግብፃዊውን ገድሎ በአሸዋ ቀበረው። በኢያሱ ምዕራፍ 20 ግን ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ፣ በበሩ ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች እንዲናገር ታዟል። አንዱ ደበቀ፤ ሌላው ሊዳኝ ቀረበ። የመጀመሪያው ምርጫችን እዚህ ላይ ነው፦ አለመሸሽ፣ መሣሪያውን አለመሰወር፣ የወደቀው ሰው እስትንፋስ ካለው ርዳታ መጥራት።

ከዚያ በኋላስ? የአገራችን ሕግ መልስ አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃልም በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ወዲያው እንዲነገረው ያዝዛል። ይህ ለወንጀለኛ መደበቂያ የተሠራ አይደለም። በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ስንት ጊዜ እንደተኮሰ፣ ሟቹ ምን ያህል ቀርቦት እንደነበረ ሊሳሳት ይችላል። የፈረመበት ስሕተት በኋላ ውሸት ይመስልበታል። ስለዚህ «ጥቃት ደረሰብኝ፤ ራሴን ለመከላከል ተኮስሁ፤ መሣሪያው ይኸውና፤ ዝርዝሩን ከጠበቃ ጋር ሆኜ እናገራለሁ» ማለት ይበቃል። ጳውሎስም ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሶ በሕግ ተጠልሏል፤ ጌታችንም በጲላጦስ ፊት ለከሳሾቹ አልመለሰም። ዝምታ ውሸት አይደለም። «እኔ አይደለሁም» ማለት ግን ውሸት ነው፤ ሞኝነትም ነው። ራሴን ተከላከልሁ የሚል ሰው መተኮሱን አምኗልና፣ ከካደ የገዛ መከላከያውን ያፈርሳል።

በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ፣ ሊይዛት የተከተላትን ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆሙላት። ክርክራቸው አልተኮሰችም የሚል ሳይሆን ለምን እንደተኮሰች የሚያስረዳ ነበር። ፍርድ ቤቱ ራሷን ተከላክላለች ብሎ በነጻ አሰናበታት፤ «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻም ይኸው ታሪክ ነው።

ነገር ግን መከላከል ወሰን አለው። ዘጸአት 22 በሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ በሞተ ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ በተገደለው መካከል ይለያል፤ ለሁለተኛው ደም ይጠየቃል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78ም ጥቃቱ ሕገወጥና የማይቀር፣ ማምለጫው ሌላ የሌለው፣ መከላከሉም የተመጣጠነ እንዲሆን ይሻል። ሸሽቶ የሚሄደውን ከኋላ የመታ ሰው እውነቱን በጥሩ ቃል ሊያሳምረው አይችልም፤ ከነበደሉ ሊቀርብ ይገባዋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ እኔን የሚያሰጋኝ ለፖሊስ የሚነገረው ቃል ብቻ አይደለም። በአገራችን የገደለ ሰው ይፎከርለታል። ለፖሊስ ዝም ያለው ሰው በጠላ ቤት «ጣልሁት» ካለ፣ በሰው ፊት ምስክር አበዛ፣ በእግዚአብሔር ፊት ደግሞ የእርሱ መልክ ባለበት ነፍስ ላይ ተመጻደቀ። ሟቹም እናት አለው። ሕጉ ነጻ ያወጣው ሰው እንኳ በእግዚአብሔር ፊት ማልቀስ፣ ሽማግሌ ልኮ ደም ማድረቅ ይቀረዋል። ለመርማሪው ዝም ማለት ይቻላል፤ ከጌታ ፊት ግን ዝም ብሎ መቆየት አይቻልም።