ዘርን ስለ መብላት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በቋንቋችን «ዘር» የምንለው በማሳ የሚበተነውን እህልም፥ ከአብራካችን የሚወጣውን ልጅም ነው። በደኅናው ቀን አንድ ቃል ለሁለቱ መዋሉ ማንንም አያስጨንቅም። በራብ ዘመን ግን ሰው አንዱን ዘር ለማቆየት ሌላውን ለማጥፋት የሚገደድበት ጊዜ አለ። ታዲያ የትኛውን ቢያጠፋ ነው የማይፈረድበት?

በ1977 ዓ.ም. በወሎ ገጠር አስተማሪ ነበርሁ። አንድ ቀን ስለ እርሻ ሳስተምር፥ «የዘሩን እህል የሚበላ ገበሬ የልጆቹን ነገ ይበላል» ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። አነጋገሩ ራሴን ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣና፥ «ጋሼ፥ አባታችን ትናንት ማታ ዘሩን ቆልቶ አበላን» አለኝ። የምመልሰው ባጣ ጊዜ ሰሌዳውን ጠርጌ ወደ ሒሳብ ትምህርት አለፍሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሚከተለውን ታሪክ አነበብሁ።

በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የመስኮብ ሊቅ ወደ አገራችን መጣ። በአዲስ አበባ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ካነጋገረ በኋላ ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን ተጓዘ። የሚሰበስበውም ወርቅ ወይም የዝሆን ጥርስ ሳይሆን እፍኝ ስንዴ፥ እፍኝ ገብስ፥ እፍኝ ጤፍ ነበር፤ ባላገሩ ምን ብሎት ይሆን እያልሁ ብቻዬን እስቃለሁ። ይህ ሰው ከአምስት አህጉር የለቀመውን ዘር በሌኒንግራድ፥ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው ከተማ፥ አከማቸው። የእኛም አገር እህል ከዚያው ገባ።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1941 የጀርመን ጦር ከተማይቱን ከበበ፤ ከበባውም 872 ቀን ቆየ። በዚያ ብርድ ለብዙው ሰው በቀን የሚደርሰው 125 ግራም ዳቦ ብቻ ነበር፤ እሱም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት። ከ600,000 የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ። የዘሩ ጠባቂዎች ግን በሩዝና በስንዴ፥ በአተርና በኦቾሎኒ መካከል ተቀምጠው፥ አንዲት ፍሬ ሳይቀምሱ በራብ ሞቱ። ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ሲሞት በዙሪያው ብዙ ሺህ ጥቅል ሩዝ ነበር። የኦቾሎኒው ሊቅ አሌክሳንድር ሽቹኪን ከጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ እንደ ተቀመጠ ሞተ። ቫቪሎቭም ራሱ በ1940 በገዛ መንግሥቱ ታስሮ ነበርና፥ በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት ውስጥ በራብ ተጎድቶ አረፈ። ዓለምን ከራብ ላድን ብሎ የተነሣ ሰው!

መጽሐፉን እንደ ጨረስሁ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። «እኔስ ይህንኑ አልነበረም ያልሁት?» አልሁ። ውሎ አድሮ ግን ነገሩ ይቆረቁረኝ ጀመር። እነዚያ ሊቃውንት የከለከሉት የገዛ ሆዳቸውን ነው። ሰው በራሱ ሞት ላይ ሊወስን ይችላል፤ በልጁ ሞት ላይ ግን ማን ሥልጣን ሰጠው? የዚያ ልጅ አባት ለራሱ ጾሞ ያደረ እንደ ሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

እርግጥ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ከገበሬ እጅ አንድ ጊዜ የጠፋ የአገር ዘር በገንዘብ አይገዛም፤ በወሎም በዚያ ዘመን ብዙ ጠፍቷል። ስለ ሌኒንግራዶቹም፥ «ለጎረቤት ለምን አላካፈሉም?» የሚል አለ። ያ ዘር ለከተማው ሕዝብ ቢታደል ለአንድ ቀን ጉርሻ አይበቃም ነበር ብዬ እመልሳለሁ፤ ሆኖም በቀጣዩ መንገድ ለሚያቃስት አንድ ሕፃን አንድ ጥቅል ሩዝ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መልሴ ለራሴም ሙሉ ሆኖ አይታየኝም። ስለ ወሎው አባት ግን አልጠራጠርም። የጠፋ እህል ምናልባት ከዘመድ፥ ከሩቅ አገርም ቢሆን ይለመናል፤ ልጅ የሚያበድር ጎረቤት የለም። እኔ ያን ቃል ስጽፍ ደመወዜ በየወሩ ይደርሰኝ ነበር፤ ማታም እራቴን በልቼ ነው ያደርሁት።

ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ቤተ ሰቡ ወደ መጠለያ ሄዷል አሉኝ። ስሙን እስከ ሰኔ ድረስ ከመዝገቡ አልሰረዝሁትም፤ ጠዋት ጠዋትም ከሌሎቹ ጋር እጠራው ነበር።